ከከተማ ዳር ላለ የሥዕል ኤግዚቢሽን ስፖንሰር ማግኛ፦ ከበጀት እስከ መዝጊያ ሪፖርት

በለገጣፎ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በሰበታ ወይም በሱሉልታ በኩል ሙዚየምና ጋለሪ ያላችሁ ሰዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁን አንድ ጥያቄ ነው፦ «ደብዳቤ ለሃያ ድርጅት አስገባን፤ አንዱም አልመለሰልንም። ምን አጠፋን?» ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ደብዳቤው ላይ አይደለም። ወይ በጀት ከተዘጋ በኋላ ደርሷል፣ ወይ መወሰን በማይችል ሰው ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። ከሁሉ በላይ ግን ድርጅቱ ለሰጠው ብር «ይህ የእኔ ነው» ብሎ ሊቆጥረው የሚችል ነገር አልቀረበለትም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከ30 እስከ 60 ሥራ ለሚይዝና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ለሚቆይ ኤግዚቢሽን የተዘጋጀ ነው።

በእጃችሁ መኖር ያለባቸው

- የታደሰ ንግድ ፈቃድ (ወይም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ከሆናችሁ የምዝገባ ምስክር ወረቀት)፣ የቲን ቁጥር፣ ቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ የቫት ምስክር ወረቀት። ከእያንዳንዱ 5 ኮፒ።
- በተቋሙ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ። የድርጅት ገንዘብ ክፍል በግለሰብ ስም ወዳለ ሒሳብ አይከፍልም፤ ቢከፍልም ኦዲተሩ ይጠይቀዋል።
- ሕጋዊ ደረሰኝ፣ ራስጌ ያለው ወረቀት፣ ማኅተም።
- የአዳራሹ ልኬትና 3 ፎቶ፦ አንዱ ከበር፣ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከመንገዱ። የመንገዱ ፎቶ አይቅር፤ መኪና እስከ በሩ እንደሚገባ የሚያሳየው እሱ ነው።
- ከ6 እስከ 8 ሥራዎች ፎቶ፣ ሠዓሊዎቹ «ለስፖንሰር ጥያቄ ይዋል» ብለው ከፈረሙበት ወረቀት ጋር።
- የመምጫ ንድፍ፣ ሰው በሚያውቀው ምልክት፦ ከአደባባዩ፣ ከነዳጅ ማደያው፣ ከኮንዶሚኒየሙ ስንት ሜትር።
- ጎብኚ መቁጠሪያ። በጣት የሚጫን የእጅ መቁጠሪያ ይበቃል፤ ከሌለ መስመር የተሰመረበት ደብተርም ይሠራል።

1. ቀኑን ከበጀት ዓመቱ ጋር አስማሙ

ባንኮችና አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ድርጅቶች በጀታቸውን ሰኔ 30 ዘግተው ሐምሌ 1 ይጀምራሉ። የሚቀጥለው ዓመት የማስታወቂያ ዕቅድ የሚረቀቀው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው። ስለዚህ ለኅዳር ኤግዚቢሽን የምትጠይቁት ሚያዝያ ላይ ነው። በመስከረም ብትጠይቁ ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ተደልድሎ ይጠብቃችኋል፤ በዚያ ላይ ጳጉሜን አካባቢ የባዛሩ፣ የኮንሰርቱና የበዓል ፕሮግራሙ ደብዳቤ ሁሉ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይከመራል።

አንዳንድ የውጭ ባለሀብት ፋብሪካዎች በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ ዲሴምበር 31 የሚሄድ በጀት አላቸው። ይህንን በስልክ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከኅዳር 6 እስከ ታኅሣሥ 20 ያለው ጊዜ ለዳር ቦታ ይመቻል፦ ክረምቱ አልፎ የኮረኮንቹ መንገድ ደርቋል፣ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ የገና ሩጫም ገና አልጀመረም። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ግን ጭቃው ጎብኚ ያስቀራል፣ የአዳራሹ እርጥበት ይጨምራል፣ ቆርቆሮው ያፈሳል። ስፖንሰር ባዶ አዳራሽ ውስጥ ፎቶ መነሳት አይፈልግም።

2. ወጪውን «የእኔ» ሊባል በሚችል መልክ ቁረጡ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። «ለኤግዚቢሽኑ 1,000,000 ብር ያስፈልገናል» ብላችሁ አትጠይቁ። ወጪውን አንድ ድርጅት ብቻውን ሊሸፍነው፣ ሊያየውና ሊቆጥረው በሚችል ቁራጭ ከፋፍሉት። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው፦

- በጥሬ ገንዘብ 500,000፦ አንድ ዋና ስፖንሰር 250,000፣ ሁለት ተባባሪዎች 100,000 እያንዳንዳቸው፣ ሁለት ትንንሾች 25,000 እያንዳንዳቸው።
- በዓይነት 350,000፦ ቀለም፣ ጣውላ፣ ማጓጓዣ፣ ኅትመት፣ ውኃ።
- የራሳችሁ 150,000። ይህ መስመር ዜሮ ከሆነ «እናንተስ ምን አዋጣችሁ?» መባላችሁ አይቀርም።

የዓይነቱን ድጋፍ በብር ብቻ አትጻፉት፤ በመጠን ይጻፍ። ፋብሪካ «40 ሊትር» ሲባል ወዲያው ይገባዋል፤ «የቀለም ወጪ» ሲባል ግን ወደ ስብሰባ ይልከዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ቀለም፦ የግድግዳው ርዝመት 60 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ቢሆን 180 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሊትር የውኃ ቀለም በአንድ እጅ ወደ 10 ካሬ ይሸፍናል። ለሁለት እጅ 36 ሊትር፣ ለብክነት ሲጨመርበት 40 ሊትር። ማት ነጭ ብላችሁ ጻፉ፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም ከመጣ የመብራቱ ነጸብራቅ ሥዕሉ ላይ ይወድቃል። የዘይት ቀለም አትቀበሉ፤ ሽታውና ጋዙ ለሳምንታት አይወጣም። የውኃ ቀለምም ቢሆን ሥራ ከመሰቀሉ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ማለቅ አለበት።

ተንቀሳቃሽ ግድግዳ፦ አንድ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። በሁለቱም ፊት ለሚሰቀልበት 12 ሜትር ግድግዳ በአንድ ፊት 10፣ በድምሩ 20 ያስፈልጋል። መቆሚያ ጣውላው ለብቻው ይቆጠራል።

ጄኔሬተር፦ 10 ዋት የሆኑ 40 የኤልኢዲ መብራቶች በድምሩ 400 ዋት ብቻ ይወስዳሉ። የድምፅ ማጉያና ኮምፒውተር ቢጨመሩም 5 ኪሎ ቮልት አምፔር በቂ ነው። ድርጅቶች በደግነት ግቢውን የሚያናውጥ ትልቅ ጄኔሬተር ይልካሉ፤ ትንሹን ጠይቁ፣ ነዳጁን ማን እንደሚሞላም በዚያው ጻፉ።

የተማሪ ማጓጓዣ፦ ከሁሉ ቀድሞ የሚሸጠው የወጪ መስመር ይህ ነው። ባለ 45 ወንበር አውቶቡስ በሳምንት 2 ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት 12 ጉዞ ይሆናል። ከወንበሩ 3ቱ ለመምህራን ቢያዙ 504 ተማሪ ይመጣል። ርቀታችሁ ስፖንሰሩን የሚያስፈራው «ማን እዚያ ድረስ ይሄዳል?» ብሎ ነው፤ መልሱን ራሱን እንዲገዛው አድርጉ። የፋብሪካ ሰርቪስ አውቶቡስ ጠዋት ሠራተኛ ካደረሰ በኋላ ብዙ ጊዜ እስከ ማታ መውጫ ቆሞ ይውላል። ስለዚህ የምትጠይቁት አውቶቡስ ሳይሆን ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ያለውን ጊዜ ነው። የነዳጁና የሹፌሩ አበል ግን በጽሑፍ የአንዱ ወገን ይሁን፤ በአፍ የተተወ ከሆነ በሦስተኛው ጉዞ ይጨቃጨቁበታል።

3. ጎረቤትን አስቀድሙ

ዝርዝራችሁ ከ20 ድርጅት አይብለጥ፤ ግማሹ ከበራችሁ በመኪና ግማሽ ሰዓት የማይርቅ ይሁን። አቃቂ ቃሊቲ ከሆናችሁ በዙሪያችሁ የብረት፣ የቀለም፣ የፕላስቲክና የምግብ ፋብሪካ አለ፤ ወደ ገላንና ዱከም ሲኬድ ደግሞ ይበዛል። የፋብሪካ ባለቤት ብዙ ጊዜ ብቻውን ይወስናል፣ ሠራተኛውም ሰፈራችሁ ነው የሚኖረው። ሰንጋ ተራና ሜክሲኮ አካባቢ ያለ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ይበልጥ ይሆናል፣ ግን ውሳኔው ኮሚቴ ይዞራል።

ሰፈራችሁ ያለውን የባንክ ቅርንጫፍ አትናቁ፣ ገንዘብም አትጠብቁበት። ሥራ አስኪያጁ ትልቅ የስፖንሰር ጥያቄ ማጽደቅ አይችልም፤ «ደንበኛችን ናቸው» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መጻፍ ግን ይችላል። በዚያ ደብዳቤ የገባ ጥያቄ ከመዝገብ ቤት በፊት ማርኬቲንግ ክፍል ይደርሳል።

ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሦስት ነገር ጻፉ፦ የሚወስነው ሰው የሥራ መደብ፣ በጀታቸው የሚዘጋበት ወር፣ ከወጪ ዝርዝራችሁ የሚስማማቸው አንድ መስመር። አንድ ብቻ። ለጠርሙስ ውኃ ፋብሪካ የካታሎግ ወጪ አይላክም።

ማስጠንቀቂያ፦ የትምባሆ ድርጅትን ከዝርዝሩ አውጡ፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያም ስፖንሰርነትም የተከለከለ ነው። ይኸው አዋጅ አልኮል ላይም ጥብቅ ገደብ ጥሏል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ይከለክላል። ተማሪ በአውቶቡስ የምታመጡበት አዳራሽ ውስጥ የቢራ ዓርማ አይሰቀልም።

4. ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን

ቁጥር፣ ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ። ጉዳዩ ላይ «ትብብር ስለመጠየቅ» ብቻ አትጻፉ፤ መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ ለየትኛው ክፍል እንደምትመራው አታውቅም። እንዲህ ይሁን፦

«ጉዳዩ፦ ከኅዳር 6 እስከ ታኅሣሥ 20 ለሚቀርበው የሥዕል ኤግዚቢሽን የተማሪዎች ማጓጓዣ ስፖንሰር ስለመጠየቅ። ድርጅታችሁ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ባለ 45 ወንበር አውቶቡስ ቢመድብልን ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች 504 ተማሪዎች ኤግዚቢሽኑን ይጎበኛሉ። የድርጅታችሁ ስምና ዓርማ በመግቢያው ሰሌዳ፣ በግብዣ ካርዱና በካታሎጉ ጀርባ ይወጣል፤ በመዝጊያው የጎብኚ ቁጥርና ፎቶ የያዘ ሪፖርት በ15 ቀን ውስጥ እናቀርባለን።»

ስለ ሥዕሎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የቀረው አባሪ ላይ። አባሪው 4 ገጽ፦ የሥራዎቹ ፎቶ፣ የወጪ ዝርዝር፣ ስፖንሰሩ የሚያገኘው በሠንጠረዥ፣ የመምጫ ንድፍና የፈቃድ ኮፒ። ደብዳቤውን በእጅ አስገቡ፤ የገቢ ቁጥሩንና የተመራበትን ክፍል ሳትይዙ አትውጡ። ያለዚያ ቁጥር «ደብዳቤያችሁ አልደረሰንም» ሲሏችሁ መልስ የላችሁም።

5. በ10ኛው ቀን ደውሉ፣ ከዚያ አምጧቸው

«ወሰናችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ማክሰኞ ወይም ሐሙስ አዳራሹን ቢያዩልን?» በሉ። በወረቀት ሩቅ የመሰለው ቦታ በመኪና ሲመጡበት ይቀርባል። ከዋናው መንገድ እስከ በራችሁ ምልክት አስቀድማችሁ አቁሙ፤ የማርኬቲንግ ኃላፊ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ደውሎ ከደረሰ ጎብኚውም እንደሚጠፋ ይገምታል። 20 ደቂቃ ይበቃል። ቡናውን አፍሉ፣ ንግግሩን አሳጥሩ፣ የሚፈልጉትን መስመር አውጥታችሁ አሳዩ።

6. ውል፣ ቀብድ ከመቀበል በፊት

በመግባቢያ ሰነድ ብቻ አትቆዩ። ከ3 ገጽ የማይበልጥ ውል ውስጥ እነዚህ ይግቡ፦

ክፍያ። ግማሹ ሲፈረም፣ ግማሹ ከመክፈቻው 15 ቀን በፊት። «ከኤግዚቢሽኑ በኋላ» የሚል ክፍያ ላይ አትፈርሙ፤ ያኔ የምትለምኑት እናንተ ናችሁ።

የዘርፍ ብቸኝነት። ባንክ «ሌላ ባንክ አይግባ» ይላል፣ መብቱ ነው። ግን ለዋናው ስፖንሰር ብቻ ስጡ፤ «የገንዘብ ተቋም» ብሎ ሲጽፍ ኢንሹራንሱንና ማይክሮ ፋይናንሱን ጭምር እየዘጋባችሁ መሆኑን አስተውሉ። «ባንክ» ብላችሁ አጥብቡት።

የስያሜ መብት። የለንደኑ ቴት ሞደርን በትልቁ አዳራሹ ለሚያሠራቸው ሥራዎች በየተራ የዩኒሊቨርንና የሂዩንዳይን ስም ሰጥቷል። እንዲህ ያለው ከዓርማ ማስቀመጥ የተለየ ዋጋ አለው፤ ስማቸው ርዕሱ ውስጥ እንዲገባ ከፈለጉ ለብቻው ተነጋገሩ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነም ይጻፍ።

የይዘት ውሳኔ። «የሥራዎች ምርጫ፣ አሰቃቀልና የግድግዳ ጽሑፍ የሙዚየሙ ብቻ ነው» የሚል አንድ መስመር። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት (አይኮም) ሥነ ምግባር ደንብም የገንዘቡ ምንጭ ምንም ይሁን ምን ይዘቱ በሙዚየሙ እጅ እንዲቆይ ይጠይቃል። ይህ መስመር ከሌለ በመክፈቻው ዋዜማ «ያንን ሥዕል አውርዱልን» የሚል ስልክ ሲመጣ የምታሳዩት ወረቀት አይኖራችሁም።

የቅጅ መብት። ስፖንሰሮች ለአዲስ ዓመት ካላንደር ሥዕል ይወዳሉ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ የሠዓሊው ነው፤ ሙዚየሙ ሥዕሉን ስለሰቀለ ብቻ የማባዣ ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም። «ለካላንደር፣ ለስጦታና ለማስታወቂያ የሠዓሊው የተለየ የጽሑፍ ፈቃድና ክፍያ ያስፈልጋል» ይባል። «አንድ ሥዕል ለሥራ አስኪያጁ ቢሮ» የሚለው ጥያቄም ሽያጭ እንጂ ስፖንሰርነት አይደለም።

መሰረዝ። ብትሰርዙ ስንት ትመልሳላችሁ፣ ቢሰርዙ ስንት ያጣሉ።

7. ገንዘቡ እንዴት ይገባል

በመጀመሪያ የገንዘብ ክፍሉን ጠይቁ፦ ከማስታወቂያ በጀት ነው ወይስ ከማኅበራዊ ኃላፊነት? ከማስታወቂያ ከሆነ አገልግሎት ገዝተዋልና ደረሰኝ ይፈልጋሉ። ልገሳ ከሆነ ሰነዱ ይለያል፤ የምትሰጡት ዓርማና ማስታወቂያም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሁለቱን አንድ ውል ውስጥ ከደባለቃችሁ በሁለቱም ወገን ኦዲት ላይ ችግር ያመጣል።

ቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ 250,000 ብር ከቫት ጋር 287,500 ይሆናል። ውሉ ላይ «ከቫት በፊት» ወይም «ቫትን ጨምሮ» የሚለው ካልተጻፈ 250,000ውን ቫት ያካተተ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ያኔ የሚቀራችሁ ወደ 217,391 ብር ነው። ተመዝጋቢ ካልሆናችሁ ደግሞ 15 በመቶ መጨመር አትችሉም። ከፋዩ ቅድመ ግብር (ዊዝሆልዲንግ) ከቆረጠ የተቆረጠበትን ደረሰኝ በዕለቱ ተቀበሉ፤ ያ ወረቀት በዓመቱ መጨረሻ ከግብራችሁ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። ሲፒኦ (ባንክ የሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ከሆነ ስሙ ከባንክ ሒሳባችሁ ስም ጋር በፊደል መግጠም አለበት፤ «ሥነ ጥበብ» እና «ስነጥበብ» ብለው ቢለያዩ እንኳ ባንኩ ሊመልሰው ይችላል።

በዓይነት የመጣውን ዕቃ በመረከቢያ ሰነድ ተቀበሉ፦ መጠን፣ ዓይነት፣ የሰጪው ግምት ዋጋ፣ የሁለቱም ፊርማ።

8. ዓርማው የት ይቀመጣል

ዓርማውን ከድርጅቱ በፒዲኤፍ ወይም በኤአይ (አዶቤ ኢለስትሬተር) ፋይል ተቀበሉ። ከቴሌግራም ወይም ከፌስቡክ የተወሰደ ምስል 2 ሜትር ባነር ላይ ሲሰፋ ይደበዝዛል፣ የኅትመቱን ወጪም ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። የስሙን አማርኛ አጻጻፍም ከእነሱ ውሰዱ። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ናሙናው ላይ አስፈርሟቸው።

ቦታው መግቢያው ላይ ያለ አንድ ሰሌዳ ነው፤ በሥዕሎች መካከል አይገባም። ስቲከር አዲስ በተቀባ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ፣ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይመጣል፤ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ታትሞ ይሰቀል። ስፖንሰሩ የሚያመጣው ትልቅ ስክሪን ከወረቀት ሥራዎች ፊት ለፊት አይቁም፦ የውኃ ቀለምና ወረቀት 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ)፣ የዘይት ቅብ እስከ 200 ሉክስ ነው የሚችለው፣ የስክሪኑ ብርሃን ያንን ሊያልፍ ይችላል። የመጠጥና የምግብ ጠረጴዛም ከሥራ 3 ሜትር ይራቅ።

መንገድ ላይ ባነር ለመስቀል የአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ዳር ላይ ስንሆን ወሰኑ ይምታታል፦ ቦታው በአዲስ አበባ ሥር ከሆነ ክፍለ ከተማው፣ በኦሮሚያ በኩል ከሆነ የዚያው አስተዳደር ነው፣ ጽሑፉም በአፋን ኦሮሞ ጭምር ይዘጋጅ። ባነሩ ከታተመ በኋላ ይህን ማወቅ ውድ ነው።

9. የመክፈቻው ቀን

የስፖንሰሩ ንግግር 3 ደቂቃ፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ከሠዓሊዎቹ አንዱ የስፖንሰሩን እንግዶች ለብቻ ያስጎብኝ። የጎብኚዎቹን መነሻ ቦታ የቀላል ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ አድርጉት፣ ቃሊቲ ወይም አያት፣ እንደ አቅጣጫችሁ፤ ከዚያ የስፖንሰሩ አውቶቡስ ስሙ ተለጥፎበት ይመላለስ።

10. ቁጠሩ፣ ሪፖርቱን በ15 ቀን አድርሱ

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየዕለቱ በር ላይ ቁጠሩ፤ ተማሪ፣ አዋቂ፣ የስፖንሰር እንግዳ ተለይቶ። የፊርማ ደብተር ብቻውን አይበቃም፣ ብዙ ሰው ሳይፈርም ይወጣል። ሪፖርቱ 4 ገጽ ይበቃል፦ የጎብኚ ቁጥር በሳምንት፣ ቀን ያለባቸው 10 ፎቶዎች (ዓርማውና ሰው አብረው የሚታዩበት)፣ በውሉ ቃል የተገባው እያንዳንዱ ነገር መፈጸሙ፣ የወጪው ሒሳብ። ያልተፈጸመ ካለ ጻፉት፦ ከ12 ጉዞ 10ሩ ብቻ ከተደረገ «10 ጉዞ፣ 420 ተማሪ» ይባል፣ ሹፌራቸው ስንት ጊዜ እንደመጣ እነሱም ያውቃሉ።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱባቸው

- ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ፣ ስሙ ብቻ ተቀይሮ። የአንዱ ስም በሌላው ደብዳቤ ውስጥ ተረስቶ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።
- «ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብር» ብሎ ደረጃ መደርደርና በደረጃዎቹ መካከል ከዓርማ መጠን በቀር ልዩነት አለማስቀመጥ። ሁሉም ዝቅተኛውን «ብር» ደረጃ ይመርጣል።
- በቃል የተሰጠን ተስፋ በጀት ውስጥ ማስገባትና ካታሎጉን ማሳተም። ካታሎግ የሚታተመው የመጀመሪያው ክፍያ ሒሳብ ውስጥ ሲታይ ነው።
- የሠዓሊ ክፍያን ከወጪ ዝርዝሩ መዝለል። ስፖንሰሩ ዝርዝሩን ሲያይ ሁሉም ሰው ተከፍሎት ሠዓሊው ብቻ በነፃ ከሠራ ጥያቄ ያነሳል።
- ሥራዎቹን ሳያስመድኑ በስፖንሰር አይሱዙ ማጓጓዝ። የመኪናው መድን ጭነቱን ላይሸፍን ይችላል። እያንዳንዱ ሥራ በዋጋ ተዘርዝሮ፣ ከሠዓሊው ግድግዳ ተነስቶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ የሚሸፍን መድን ይገባለት። የመድን ድርጅቱን ራሱን በዓይነት ስፖንሰር እንዲሆን መጠየቅም ያስኬዳል፤ ይህ መስመር ለእነሱ የተቆረጠ ነው።